የቅጠል ረዳት ፕሮቲን፣ የሙቀት ጉዳትና የሠፈራ አካባቢ ዘር

ድርቅ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰበው የዝናብ እጥረት ነው። ይሁን እንጂ ሰብል የሚጎዳው በውኃ ጥም ብቻ አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሠፍር ሲደረግ፣ ከፊሉ ከደጋና ከወይና ደጋ ተነሥቶ እንደ መተከልና ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ሥፍራዎች ገብቷል። እንዲህ ላለው ገበሬ የአካባቢው ሙቀት ከዝናቡ መጠን ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። የዚህም አንዱ ምክንያት በቅጠል ውስጥ የሚገኝ፣ ሙቀትን የማይችል ረዳት ፕሮቲን ነው።

ሩቢስኮና ችግሩ

ተክል ምግቡን የሚሠራው የፀሐይን ብርሃን ተጠቅሞ ከአየር ከሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውኃ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዞ በቅጠሉ ውስጥ ካለው ስኳር ጋር የሚያያይዘው ኤንዛይም ሩቢስኮ ይባላል። እንደ ስንዴ ባሉ ሰብሎች፣ የዚህ ኤንዛይም አንዱ የሥራ ቦታ በአንድ ሴኮንድ የሚይዘው ከ2 እስከ 4 የሚሆን ሞለኪውል ብቻ ነው። ተክሉም ይህን ዝግታ በብዛት ስለሚያካክሰው፣ በቅጠሉ ውስጥ ከሚገኙት የሚሟሙ ፕሮቲኖች እስከ ግማሽ የሚደርሰው ሩቢስኮ ሊሆን ይችላል።

ኤንዛይሙ ከዝግታው ሌላ በቀላሉ የሚቆለፍ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውልና ማግኒዚየም በሥራ ቦታው ላይ መያዝ አለባቸው። ይህ ሳይሟላ ስኳሩ ቀድሞ ከገባ ኤንዛይሙ ተዘግቶ ይቀራል። በሥራ ላይ ሳለም አልፎ አልፎ የተሳሳተ ስኳር ይሠራና በዚያው ተይዞ ይቆማል።

የረዳቱ ተግባር

የተቆለፈውን ሩቢስኮ የሚያስለቅቀው ረዳት ፕሮቲን ሩቢስኮ አክቲቬዝ ይባላል። ስድስት አሀዶች በቀለበት መልክ ተያይዘው ይሠሩታል። የሕዋስ ኃይል የሆነውን ኤ.ቲ.ፒ. እየተጠቀመ የሩቢስኮን ቅርጽ በጥቂቱ በመለወጥ የያዘውን ስኳር ያስለቅቀዋል።

ወደዚህ ግኝት ያመራው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ይፋ የተደረገ አንድ የአረቢዶፕሲስ ተክል ነው። ተክሉ በተለመደው አየር መኖር ሲሳነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ግን ያድግ ነበር። ሩቢስኮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥራ የሚያስጀምረው ፕሮቲን ጎድሎት እንደነበረ ሳልቩቺ፣ ፖርቲስና ኦግረን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 አስታወቁ።

ሙቀት ሲበረታ

ሩቢስኮ ራሱ እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲጸና፣ ረዳቱ ግን በስንዴና በመሰል ሰብሎች ከ30 ዲግሪ በላይ መዳከም ይጀምራል። ረዳቱ ሲደክም የተቆለፈው ኤንዛይም እየበዛ፣ የቅጠሉም ምግብ እያነሰ ይሄዳል። ሙቀቱ መጠነኛ ከሆነ፣ አየሩ ሲበርድ ሥራው ይመለሳል። ሆኖም በየቀኑ የሚቀረው ምግብ ተደማምሮ ከፍሬው ላይ ይጎድላል።

ድርቅና ሙቀት የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። ውኃ ያጠረው ተክል የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ይህም የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መግቢያ ከማጥበቡም በላይ ቅጠሉን የሚያቀዘቅዘውን ትነት ስለሚያስቀር፣ ቅጠሉ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል።

ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሩቢስኮ ዙሪያ የሚያከማቹበት ተጨማሪ ዘዴ ስላላቸው፣ ከስንዴና ከገብስ በተሻለ ሙቀትን ይችላሉ። ይህም ሆኖ ረዳቱ ፕሮቲን ለእነርሱም አስፈላጊ ነው።

ለሥራው የሚሰጠው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስንዴ አክቲቬዝ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ በመለወጥ፣ ፕሮቲኑ ሙቀትን የሚችልበትን መጠን ከፍ ለማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ውጤቱ የቤተ ሙከራ ነው፤ ለገበሬው የሚታደል ዘር ለመሆን በማሳ መፈተን ይኖርበታል።

እስከዚያው ድረስ ለሠፋሪዎች ዘር የሚመርጡ ሠራተኞች የዝናቡን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ሰብሉ በሚያብብበትና ፍሬ በሚይዝበት ወቅት የሚኖረውን የቀን ሙቀት ጭምር ሊመዘግቡ ይገባል። ከደጋ የመጣ ገበሬ የለመደውን የደጋ ዘር ይዞ ቆላ ከወረደ፣ ዝናቡ ቢሟላም እንኳ ጎተራው ባዶ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ እንደገና እርዳታ ጠባቂ ከሚሆን፣ ዘሩ ከመታደሉ በፊት በሚሠፍርበት ቦታ በትንሽ መደብ ላይ ቢሞከር ይሻላል።