መቀነት

መቀነት ሴት በቀሚሷ ላይ ወገቧን ደጋግማ የምትጠመጥመው ረጅምና ጠባብ የጥጥ መታጠቂያ ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች፣ ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ ከእስቴ እስከ እብናት፣ የገጠር ሴት ሳትታጠቀው ለሥራ ብዙም አትወጣም። ስለ ባህል ልብስ ሲወራ መቀነት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጌጥ ይነሳል፤ ጥለቱ ከቀሚሱ ጥለት መግጠሙ፣ ቀለሙ ማማሩ ይታያል። ዋና ሥራው ግን ሌላ ነው። መቀነት የቀሚሱን ጫፍ ከእግር ሥር ያወጣል። ቀሚስ ከለባሿ ቁመት ረዝሞ ሳለ ተረግጦ የማይጠልፋት በእርሱ ነው።

ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። በግእዝ «ቀነተ» ማለት ታጠቀ ማለት ነው፤ መነኩሴ የሚታጠቀው «ቅናት»ም ከዚሁ የወጣ ነው። ወንዶች የሚጠመጥሙት ሰፊ የጥጥ መታጠቂያ ድግ ይባላል። ካህን ሲቀድስ የሚታጠቀው ደግሞ ዝናር ነው፤ ይኸው ስም በጦረኛው ወገብ ላይ ለጥይት መያዣው ይውላል። ሁሉም ወገብን ያስራሉ፤ የልብስን ርዝመት ማሳጠር የዘወትር ሥራው የሆነው ግን መቀነት ነው።

ይህ ሥራ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው መሬቱን ላየ ሰው ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተምሥራቋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከሰፈር ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱን እየቆረጡ ወራት የፈጀባቸው በዚህ ዓይነት ገደልና አቀበት ምክንያት ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ አፈሩ ይላቁጣል፣ ድንጋዩ ያሟልጫል፣ ሣሩ ከማለዳ እስከ ረፋድ ጤዛ እንደያዘ ይቆያል። የጥጥ ቀሚስ ጫፉ አንዴ ከረጠበ ውኃውን ወደ ላይ ይስባል፤ ይከብዳል፣ ባት ላይ ይለጠፋል፣ ጭቃውን ይሸከማል።

ታዲያ ቀሚሱ ከመነሻው አጥሮ ቢሰፋስ? አንደኛው ምላሽ ብርድና ጨዋነት ነው። ጉና ሥር ለሚያድር ሰው እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ልብስ ሙቀት ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ለቅሶ የሚኬደውም እግርን በሸፈነ ልብስ ነው። ሌላው ምላሽ የኑሮ ሒሳብ ነው። አንድ ቀሚስ ለብዙ ዓመት ይለበሳል፤ ከታላቅ ለታናሽ፣ ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። ልጃገረዷ ታድጋለች፣ ሴቲቱ ታረግዛለች፣ ትከሳለች፣ ትወፍራለች። ቀሚስ በመቀስ ካጠረ መመለሻ የለውም፤ በመቀነት ያጠረ ግን ማታ ሲፈታ እንደነበረ ይረዝማል። ጠዋት ጭቃ ለመርገጥ እስከ ባቷ የሰበሰበችው ቀሚስ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲመጣ ቁርጭምጭሚቷን ይሸፍናል። ቅምቅማት የሚወስነው አንድ ርዝመት ነው፤ መቀነት ግን በቀን ውስጥ እንደ ሥራው ይለዋውጠዋል።

ጥጡ የደጋ አይደለም። የደብረ ታቦር ብርድ ጥጥ አያበቅልም፤ እንደ መተማ ካሉ ቆላዎች ወደ ገበያ ይወጣል። ፍሬው በመዳመጫ ይለያል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሴቶች ነው። ፈትሉ ወደ ሸማኔ ከሄደ በኋላ የወንድ ሥራ ይሆናል፤ በጎንደር አገር ሽመና ለረጅም ዘመን በብዛት በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤላውያን እጅ የኖረ ሙያ ነው። ሸማኔው ለመቀነት ጠባብ ድር ይዘረጋል፤ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ሲመታ ጠበቅ ማድረግ አለበት፣ ምክንያቱም መቀነት እንደ ነጠላ ሳስቶ ከተሠራ ሲሳብ ይተረተራል። በጫፎቹና አንዳንዴም በዳሩ ባለቀለም ጥለት ይገባበታል። ቀስተ ደመና በአማርኛ የማርያም መቀነት መባሉ ይህን ጥለት ያየ ዓይን ያወጣው ስም ይመስላል።

ርዝመቱ በዘፈቀደ አይወሰንም። በቀሚስ ላይ የወገቧ ዙሪያ 75 ሳንቲሜትር የሆነች ሴት አምስት ጊዜ ብትዞረው 3.75 ሜትር ይሄዳል፤ የሚሸጎጠው ጫፍ ሲጨመርበት ከአራት ሜትር ይበልጣል። ሲባጎ ወይም ቀጭን ገመድ ይህን ሥራ አይሠራም። ገመድ ወገብ ይቆርጣል፣ ከቀሚሱ ጋር የሚነካካበት ቦታም ጥቂት በመሆኑ ይንሸራተታል። መቀነት ግን ሰፋ ብሎ በድርብርብ ስለሚያርፍ ጭነቱን በወገብ ዙሪያ ያካፍላል፤ ጥጥ በጥጥ ላይ ሲያርፍ ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል። በእጅ የተፈተለ ማግ ሸካራ ነውና ከፋብሪካ ክር ይልቅ ይጨብጣል። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል የሚያደርጉት ለድሩ ጥንካሬና ለሥራው ፍጥነት ሲሉ ነው፤ ማጉ የእጅ ፈትል እስከሆነ ድረስ የመጨበጥ ባሕርዩ አይጠፋም።

አስተጣጠቁ ቀላል ቢመስልም ቅደም ተከተል አለው። ሴቲቱ ቀሚሷን አጥልቃ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የመቀነቱን አንድ ጫፍ ጎኗ ላይ በአንድ እጇ ትይዝና በሌላው እጇ የመጀመሪያውን ዙር ታዞራለች፤ ሁለተኛው ዙር ያንን ጫፍ ረግጦ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ታቆማለች። ከመቀነቱ በላይ ያለውን ቀሚስ በሁለት እጇ ቆንጥራ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ እያለች በእኩል ወደ ላይ ትስባለች፤ ጫፉ ከመሬት ሲነሳ ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ከዚያ የቀሩትን ዙሮች ጠበቅ አድርጋ በተሰበሰበው ላይ ትጠመጥማለች፤ እነዚህ ዙሮች ርዝመቱን ይቆልፋሉ። የመጨረሻው ጫፍ አይቋጠርም፤ በዙሮቹ መካከል ይሸጎጣል። ቋጠሮ ሲረጥብ ይጠብቃል፣ ለመፍታትም ጥፍር ይፈልጋል፤ ሽጉጥ ግን በአንድ ጣት ይወጣል። አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ከተሳበ፣ ከመቀነቱ በላይ እጥፍ ብሎ የሚንጠለጠለው ትርፍ የዚያ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ብዙ የተሰበሰበ ቀሚስ እንኳ ከሩቅ ሲታይ እምብዛም አይታወቅም።

የለመደች ሴት ቀሚሷን ለዳገትና ለቁልቁለት አንድ ዓይነት አታስተካክልም። ዳገት ሲወጣ ሰውነት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እግርም ከፍ ወዳለው ድንጋይ ይነሳል፤ የሚረገጠው የፊተኛው ጫፍ ነው። ጫፉን የረገጠች ሴት ቀና ልትል ስትሞክር ቀሚሷ ራሱ ወደ መሬት ይጎትታታል፣ በፊቷም ትደፋለች። ቁልቁለት ሲወረድ ደግሞ ጫፉ ከኋላ ድንጋይና እሾህ ላይ ይቀራል፤ ተረከዝም ያገኘዋል። ስለዚህ ለዳገቱ ፊቱን፣ ለቁልቁለቱ ኋላውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት ቀሚሷን በእጇ ልትሰበስበው ትችላለች። ገንቦ ወይም ጀሪካን በገመድ አዝላ፣ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ገመዱን ጨብጣ የምትወጣዋ ግን ሌላ እጅ የላትም። በዚያን ጊዜ የቀሚሱን ጫፍ የሚይዝላት መቀነቷ ብቻ ነው፤ ወገቧንም አብሮ ደግፎ ይይዝላታል።

«መቀነቴ አደናቀፈኝ» የሚለው አባባል የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በአማርኛ ይህ የማይረባ ሰበብ ማለት ነው፤ ሥራ የጠላ፣ ቀጠሮ ያፈረሰ፣ ላለመሄድ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ይነገርበታል። መቀነት ወገብ ላይ ያለ፣ ከመደናቀፍም የሚያድን ነገር ነውና እርሱን መክሰስ ሰሚን አያሳምንም። እውነት ነው፣ ያልተሸጎጠ ጫፍ ተፈትቶ እግር ሥር ሊገባ ይችላል። ያ ቢሆንም ጥፋቱ የታጣቂዋ እንጂ የመቀነቱ አይደለም፤ አባባሉ የሚያሳፍረውም በዚህ ነው።

ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ የሚውል ጨርቅ ሌላ ሥራ አያጣም። ከመቀነቱ በላይ የሚንጠለጠለው እጥፋት እንደ ከረጢት ያገለግላል፤ ማሳ የሄደች ሴት እሸት ትከትበታለች። ገንዘብ በመቀነቱ ጫፍ ይቋጠራል። ጫፉ አይቋጠርም የተባለው ለመታጠቁ ነው፤ ለገንዘቡ ግን መፍታቱ ጊዜ መውሰዱ ራሱ ጥቅም አለው። ከገበያ ስትመለስ ጨውና ጋዝ ገዝታ የተረፋትን ሳንቲም እዚያ ቋጥራ ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። እናት ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችው ገንዘብ በአማርኛ ተናጋሪ ልብ ውስጥ የተለየ ቦታ ያለው፣ ያ ቋጠሮ ስንት ጊዜ ሊፈታ ተነክቶ እንደተተወ ስለሚታወቅ ነው። አራስ ሴት ሆዷን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ትታሰራለች። በድግስ ቀን ወጥ ቤት የምትገባ ሴት፣ በእስክስታም ወገቧን ለይታ ልታሳይ የምትሻ ሴት መቀነቷን ወይም ነጠላዋን ሸብ አድርጋ ትታጠቃለች።

የወንዱ ልብስ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ነው የፈታው። የጎንደር ገበሬ ለእርሻ ቁምጣ ይለብሳል፤ ጉልበት ላይ ያበቃ ልብስ እግር ሥር አይገባም። ተፈሪ ሱሪ ደግሞ ከጭኑ ሰፊ፣ ከጉልበት በታች ግን ባት ላይ የሚጣበቅ ነው፣ ለፈረስም ለእግረኛም ያመቻል። ወታደሩ ከጣሊያንኛ የመጣ ስም ያለውን ገምባሌ ከጫማው በላይ ባቱ ላይ አስሮ የሱሪውን ጫፍ ይይዝበት ነበር። ብስክሌት በሚበዛባት ባሕር ዳር ጋላቢው የቀኝ እግሩን ሱሪ ጠቅልሎ ወይም ካልሲው ውስጥ ከትቶ ይነዳል፤ ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል ነውና።

ረጅም ልብስ በለበሰ አገር ሁሉ ይኸው ጉዳይ ተነስቷል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኤልያስ ከአክዓብ ሠረገላ ፊት የሮጠው ወገቡን ታጥቆ ነው፤ እስራኤላውያንም የፋሲካውን በግ ወገባቸውን ታጥቀው እንዲበሉ የታዘዙት ለጉዞ ዝግጁ እንዲሆኑ ነው። በአማርኛ «ወገቡን ታጥቆ ተነሣ» ሲባል ቆረጠ ማለት የሆነውም ከዚሁ ነው። የጃፓን ሴቶች ኪሞኖ ከለባሿ ቁመት ረዝሞ ይሰፋና ወገብ ላይ ታጥፎ በቀጭን ማሰሪያ ይያዛል፤ እጥፋቱ ኦሃሾሪ ይባላል፣ በላዩም ሰፊው ኦቢ ይታሰራል። ይህ ከመቀነት አሠራር ጋር እጅግ ይቀራረባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሴቶች ግን ከወገባቸው በገመድ ወይም በሰንሰለት የሚንጠለጠል የብረት መቆንጠጫ ነበራቸው፤ የቀሚሱን ጫፍ ነክሶ ያነሳል። ያ መቆንጠጫ የሚያነሳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መቀነት ዙሪያውን በእኩል ይሰበስባል፣ በዚህም ይበልጠዋል።

በዛሬዋ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ መቀነት መልኩን ለውጧል። የጥበብ ቀሚስ በልክ ስለሚሰፋ የሚነሳ ትርፍ የለውም፤ አብሮት የሚመጣው ጠባብ መቀነት ወገብን ለማሳየት ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ጅንስ የለበሰች ተማሪ የሱሪዋ ጫፍ ሲረዝምባት ታጥፈዋለች፣ ወይም መንገድ ዳር ሲንጀር ይዞ ለተቀመጠ ልብስ ሰፊ ለማሳጠር ትሰጠዋለች። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን ሽብሽቦ ቀሚስና ኮንጎ ጫማ ለብሳ ጭቃውን የምታልፈው ሴት ወገብ ላይ የሥራው መቀነት አለ። አንዳንዷ በነጠላ ቁራጭ፣ አንዳንዷም በሱቅ ሻርፕ ትተካዋለች፤ ሻርፑ ለስላሳ በመሆኑ ቶሎ ይላላል፣ በየመንገዱም ቆም ብሎ ማጥበቅን ይጠይቃል።

መቀነት ከልብሱ ጋር ይታጠባል፣ ሳይጠመዘዝ ርዝመቱን ተዘርግቶ ይሰጣል፤ ተጠምዝዞ የደረቀ መቀነት ተኮማትሮ እንደ ገመድ ይሆናል። በቅድሚያ የሚያልቀው የሚሸጎጠው ጫፍና ገንዘብ የሚቋጠርበት ቦታ ነው። ያ ሲበጣጠስ ይቆረጥና የቀረው ላነሰ ወገብ፣ ለልጅ፣ ይሰጣል። ከዚያም ሲያልፍ እየተቀደደ የእህል ስልቻ አፍ ማሰሪያ፣ የቁስል መጠቅለያ ይሆናል።