ቁልቁለቱን እንዴት እንውረደው?

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ተራራ መውጣት አይደለም። ስለ መውረድ ነው። «መውረድ ደግሞ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ወደ ስሜን ተራሮች እንሂድ። ከጨነቅ ተነስቶ በቧሂት በኩል ወደ ራስ ዳሸን የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ 4,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይወጣል። ከዚያ ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ብቻ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል!

ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ቁልቁለት ግን ጉልበት ይበላል። ለምን? ሽቅብ ስንወጣ የጭናችን ጡንቻ እየተኮማተረ ሰውነታችንን ያነሳል። ቁልቁል ስንወርድ ያው ጡንቻ እየተሳበ፣ እንደ መኪና ፍሬን ክብደታችንን ይይዛል። ይህ ጡንቻውን በጣም ይጎዳዋል። ሕመሙ የሚብሰው በማግሥቱና በሠልስቱ ነው። «ትናንት ደህና ነበርኩ፤ ዛሬ ምን ነካኝ?» የምንለው ለዚህ ነው። አባቶች ኃይልንም መገጣጠሚያውንም በአንድ ቃል «ጉልበት» ማለታቸው በከንቱ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እርምጃችሁ አጠር ይበል። ጉልበታችሁ አይገተር፤ ትንሽ ይታጠፍ። ጠመዝማዛውን መንገድ ይዛችሁ ውረዱ እንጂ አቋራጭ አትፈልጉ። አቋራጭ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ከታች ያለውን ሰው ይመታል። በትራችሁን ከእግራችሁ አስቀድማችሁ ትከሉ። ጫማ ያደረገ ሰው ማሰሪያውን ጠበቅ ያድርግ፤ አለዚያ ጣቱ ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍሩ ይጠቁራል። በቅሎ የሚነዳም ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይንሸራተት ቆም እያለ ይመልከት።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙ። ከቆላ የመጣ እንግዳ ከፍታው ላይ ራሱን ቢያመውና ቢያስመልሰው፣ የአየሩ መሳሳት ጎድቶት ሊሆን ይችላል። ሽቅብ መሄዱን ያቁም። ካልተሻለው ይውረድ። እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ግን «እስኪነጋ እንየው» አይባልም። ሌሊትም ቢሆን መብራት ይዛችሁ፣ ደግፋችሁ አውርዱት። መራመድ ካቃተው በቃሬዛ ተሸከሙት። ብቻውን አትልቀቁት። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ዝቅ ሲል ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል። ቢሻለውም ሐኪም ይየው።

ወንዙ ዘንድ ስትደርሱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ጋቢያችሁን አውልቁ፤ እግራችሁን ታጠቡ። ውኃውን ግን ሳታፈሉ አትጠጡ። ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት የሌላ ቀን ንግግራችን ነው። ደህና ሁኑ!