ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፤ ልኩ የሚወሰነው በአጥንቱ ነው

የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ መግል ቋጥሮ ከተነቀለ በኋላ በቦታው ሰው ሠራሽ ሥር ለማስተከል የሚያስብ ሰው፣ «ወፍራምና ረጅም ቢሆን ይበልጥ ይጠነክራል» ብሎ መገመቱ አይቀርም። ወፍራም ምሰሶ ከቀጭኑ ይልቅ ቤት ይሸከማልና ግምቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ይህ ምሰሶ የሚቆመው በሰፊ ሜዳ ላይ ሳይሆን፣ ዳርቻው በሚሊሜትር በሚለካ አጥንት ውስጥ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሥሩ በብሎን መልክ የተሠራ የቲታንየም ብረት ነው። ቲታንየም ከሕያው አጥንት ጋራ እንደሚዋሐድ የተገነዘቡት ስዊድናዊው ሊቅ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በበሽተኛ መንጋጋ ላይ መትከል ጀመሩ። እንግዲህ የጥንካሬው ምስጢር የብረቱ ግዙፍነት ብቻ ሳይሆን፣ ዙሪያውን የሚይዘው ጤናማ አጥንት ነው።

በመጀመሪያ ርዝመቱን እንመልከት። ከታችኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች ሥር በታች፣ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል። ብሎኑ ይህን ነርቭ ቢጎዳ ከንፈር ይደነዝዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ድንዛዜው የዕድሜ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ሐኪሞች ከቦዩ በላይ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ይተዋሉ። ለምሳሌ ከአጥንቱ አናት እስከ ቦዩ 13 ሚሊሜትር ቢሆን ቀሪው 11 ነው፤ ጠንቃቃ ሐኪም ባለ 10ሩን ይመርጣል። 10 እየበቃ 12 መሻት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ውፍረቱም እንዲሁ ነው። ከጉንጭ ወገን እስከ ምላስ ወገን የአጥንቱ ስፋት 8 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ከግራና ከቀኝ 1.5 ሲቀነስ 5 ይቀራል። ከአጠገቡ ካለው ጥርስም ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ከመጠን በላይ ቢወፍር የሳሳው አጥንት እያለቀ ብሎኑ ይጋለጣል፤ ከመጠን በላይ ቢቀጥን ደግሞ የማኘኩን ኃይል ሳይችል ሊሰበር ይችላል።

መግል አጥንትን ስለሚበላ፣ ጥርሱ ሲነቀል የሚታየው ጉድጓድ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ጉድጓዱን ለመሙላት ብሎ ብሎኑን ማወፈር አይገባም። ብዙ ጊዜ ቦታው ተጠርጎ እስኪድን ጥቂት ወራት ይጠበቃል፤ ከዚያም በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ራጅ ተነሥቶ ልኩ ይወሰናል። አጥንቱ ሳስቶ ከተገኘ አስቀድሞ አጥንት ይጨመርበታል።

ለአንባቢዎቻችን የምናሳስበው ይህን ነው፦ ሐኪምን «ትልቁ የትኛው ነው?» ከማለት፣ «ከነርቩ ስንት ይርቃል? በየወገኑስ ስንት አጥንት ይተርፋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱም ከራጁ ላይ በቁጥር የሚነበብ ነው።