የተከተበ ልጅ ሲታመም፦ ስለ ክትባት የትኛውን ማስረጃ እንመን?

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ ጉደርንና ጌዶን አልፈው ባኮ ሳይደርሱ እጃጂን ያገኛሉ። በእጃጂም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ እንደ መላው አገራችን፣ ኩፍኝ ሲገባ የሚነሳ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «የእነ እከሌ ልጅ ተከትቦ ነበር፤ ይኸው ታመመ። ታዲያ ክትባቱ ምን ጠቀመው?» ይላል። ሌላው «ሐኪም ያለውን ስማ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የመጀመሪያው በዓይኑ ያየውን ስለሚናገር ሊናቅ አይገባም። ሁለተኛውም ልጅ እንዳይሞት ፈርቶ ነው። ጥያቄው ግን በቁጣ የሚዘጋ አይደለም። የልጇን ጭን ለመርፌ የምትሰጥ እናት «ይሠራል? በምንስ ታወቀ?» ብላ የመጠየቅ መብት አላት። መልሱም በቁጥር ሊቀርብላት ይገባል።

መቶ ልጆችን እንቁጠር

በ9 ወር የሚሰጥ አንድ የኩፍኝ ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል። ሁሉንም የማይከላከልበት አንዱ ምክንያት በደንብ ይታወቃል። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ የወሰደው በሽታ ተከላካይ አንቲቦዲ በአንዳንዱ ልጅ ደም ውስጥ እስከዚያ ዕድሜ ይቆያል። የተዳከመውን የክትባት ቫይረስ ገና ሥራውን ሳይጀምር ስለሚያጠፋው፣ የልጁ ሰውነት በሽታውን መለየት ሳይማር ይቀራል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር መስጠት የጀመረችው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

አሁን 100 ልጆች ያሉበትን መንደር እናስብ። 80ዎቹ አንድ ጊዜ ተከትበዋል፣ 20ዎቹ አልተከተቡም። ኩፍኝ ገብቶ መከላከያ የሌለውን ሁሉ ያዘ እንበል። ካልተከተቡት 20ዎቹም ይታመማሉ። ከተከተቡት ክትባቱ ያልያዘላቸው 12 ይታመማሉ። በጠቅላላው 32 ሕሙማን አሉ፤ ከእነዚህ ከሦስት አንዱ በላይ የተከተበ ነው። ጎረቤት የሚያየው ይህንን ነው፤ ያየውም እውነት ነው።

የተሳሳተው ሲያካፍል ነው። መጠየቅ ያለበት «ከታመሙት ስንቱ ተከትቧል?» ሳይሆን «ከተከተቡት ስንቱ ታመመ? ካልተከተቡትስ?» ነው። ከተከተቡት 80 ልጆች 12፣ ማለትም ከመቶ 15 ታመሙ፤ ካልተከተቡት 20 ልጆች አንድም አልተረፈም። ነገሩ ከዚህም ይገርማል። በዚያው መንደር 95 ልጆች ቢከተቡ ኖሮ የሚታመሙት ከተከተቡት 14 ያህል፣ ካልተከተቡት 5 ይሆኑ ነበር። የሕሙማኑ ቁጥር ከ32 ወደ 19 ቢወርድም ከአራቱ ሕሙማን ሦስቱ የተከተቡ ሆነው ይታያሉ። ክትባቱ ብዙ ልጅ በደረሰ ቁጥር ከጥቂቶቹ ሕሙማን መካከል የተከተቡት ድርሻ ይጨምራል። ይህን ያላሰላ ሰው የክትባቱን ስኬት እንደ ውድቀት ያነበዋል።

ማንን ከማን ጋር?

ማስረጃ የሚታመነው ንጽጽሩ ፍትሐዊ ሲሆን ነው። ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የተካሄደው የፖሊዮ ክትባት ሙከራ ነው። በሙከራው 1.8 ሚሊዮን ያህል ልጆች ተሳትፈዋል። በአንደኛው ክፍል ወላጆቻቸው ከፈቀዱላቸው ከ400 ሺህ በላይ ልጆች እኩሌታዎቹ በዕጣ ክትባቱን፣ እኩሌታዎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተወጉ። ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደተሰጠ ወላጁም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። የሙከራው መሪ ቶማስ ፍራንሲስ ሚያዝያ 12 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ውጤት ከተከተቡት 100 ሺህ ልጆች 28ቱ፣ ባዶ ፈሳሽ ከተወጉት 100 ሺህ ልጆች ደግሞ 71ዱ በፖሊዮ መታመማቸውን አሳየ።

ከዚህ ጎን ሦስተኛ ቁጥር አለ። ወላጆቻቸው ያልፈቀዱላቸውና ምንም ያልተወጉት ልጆች ከ100 ሺህ 46 ብቻ ታመሙ። እነሱም ባዶ ፈሳሽ የተወጉትም ክትባት አላገኙም፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከቤተሰቡ። የፈቀዱት በአብዛኛው የተሻለ ኑሮ ያላቸው ነበሩ። በድሃው ሰፈር ልጆች ገና የእናታቸው አንቲቦዲ ሳይለያቸው ከቫይረሱ ጋር ተገናኝተው ሳይጎዱ ሰውነታቸው እሱን መለየት ይማራል፤ ንጹሕ ቤት ያደገው ልጅ ግን ዘግይቶ ስለሚያገኘው የባሰ ይጠቃል። ተመራማሪዎቹ የተከተቡትን ከእምቢ ካሉት ጋር ብቻ ቢያወዳድሩ ኖሮ የክትባቱ ኃይል ከእውነተኛው አንሶ ይታይ ነበር።

በእኛ አገር ስህተቱ ወደ ተቃራኒው ሊያጋድል ይችላል። የሚከተበው ልጅ ብዙ ጊዜ ለጤና ጣቢያ የቀረበ፣ እናቱ በባለሙያ እጅ የወለደችው ነው። ባይከተብም እንኳ ከሩቅ ቀበሌው ልጅ የተሻለ የመዳን ዕድል ይኖረዋል። ስለዚህ «የተከተቡት ብዙም አልሞቱም» የሚል ወሬም፣ ክትባትን ቢደግፍም፣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የምንወደውን መደምደሚያ የምንመዝነው የማንወደውን በምንመዝንበት ሚዛን መሆን አለበት።

ግማሽ ሆኖ የሚበልጥ

«ክትባቱ ስንት ፐርሰንት ይሠራል?» የሚለው ጥያቄም ብቻውን አይበቃም። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም የጀመረችው የሮታ ቫይረስ ክትባት ለዚህ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሙከራ ክትባቱ ከባድ የሮታ ተቅማጥን በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ፣ በማላዊ ግን 49 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚከላከል አሳይቷል። ማላዊ ላይ ክትባቱ ደካማ ነው ማለት ነው? ከተከተቡ 100 ሕፃናት በዓመት የተከለከለው ከባድ ሕመም ሲቆጠር ግን በደቡብ አፍሪካ 4.2፣ በማላዊ 6.7 ሆነ። በሽታው በበዛበት አገር ግማሽ መከላከያ ብዙ ልጅ ያድናል። የጉድጓድና የወንዝ ውኃ ለሚጠጣበት የገጠር ቀበሌ ትርጉም ያለው ይህኛው ቁጥር ነው።

ጉዳቱን ሳንሸሽግ

እምነት የሚገነባው ጉዳቱም በግልጽ ሲነገር ነው። መርፌ የተወጋበት ቦታ ማበጥና ትኩሳት የተለመዱ ናቸው። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ በውስጡ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ፣ ብዙ ልጅ ባልተከተበበት አካባቢ ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ ቆይቶ የማሽመድመድ ኃይሉን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በኢትዮጵያም ታይቷል። መፍትሔው ጥቂቶችን ሳይሆን ሁሉንም መከተብ ነው። ቫይረሱ የሞተበት የፖሊዮ መርፌም በ2008 ዓ.ም ተጨምሯል።

በማስረጃ የወደቀ ክስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣና 12 ልጆችን ብቻ ያየ ጽሑፍ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር አያያዘ። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንማርክ ውስጥ 657,461 ልጆችን የተከታተለ ጥናት በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የጨመረ አደጋ አላገኘም። ወሬው ግን እስካሁን ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል።

ከአምቦ ቀበሌዎች የተገኘ እውነት

በ2003 ዓ.ም በላቸው ኢታናና ዋቅጋሪ ደሬሳ በአምቦ ወረዳ 8 የገጠርና 2 የከተማ ቀበሌዎች ውስጥ ከ12 እስከ 23 ወር የሆናቸውን 536 ልጆች አጠኑ። ከእናቶቹ 96 በመቶው ስለ ክትባት ሰምተዋል፤ 80 በመቶ ያህሉ ጥቅሙን ያውቃሉ። ሆኖም ሙሉ በሙሉ የተከተቡት ልጆች 36 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ 23.7 በመቶዎቹ ምንም አልተከተቡም። ይህ 36 በመቶ የእናቶችን ቃል ከክትባት ካርድ ጋር የደመረ ነው። በካርድ ብቻ ሲቆጠር ወደ 27.7 በመቶ ይወርዳል። እናት ዋሸች ማለት አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በፊት የተወጋውን መርፌ ብዛት ማስታወስ ለማንም ይከብዳል። ካርድ ለልጁ ማስታወሻ፣ ለአገርም ማስረጃ ነው። በአገር ደረጃም ከጤና ተቋማት የሚሰበሰበው ሪፖርት ቤት ለቤት ከሚደረገው ጥናት በልጦ መገኘቱ ተደጋግሞ የታየ ችግር ነው። በቤት ለቤቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ያሟሉ ልጆች በ1992 ዓ.ም 14 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም 39 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም 43 በመቶ ነበሩ። እድገት ነው፤ ግን በዚያን ጊዜም ከግማሽ በላይ ልጆች ገና ውጭ ነበሩ።

የአምቦው ጥናት ሌላም ነገር ያሳያል። ክትባት ከመጨረስ ጋር ጎልተው የተያያዙት የእርግዝና ክትትል፣ በጤና ተቋም መውለድ፣ ክትባት የሚጀመርበትንና ከሁሉም በላይ የሚያበቃበትን ዕድሜ ማወቅ ናቸው። እዚህም መጠንቀቅ አለብን። አንዲት እናት ማብቂያውን ያወቀችው ስለጨረሰች ሊሆን ይችላል። እንዲያም ሆኖ ዕውቀቱን ማካፈል የሚያስወጣው ነገር የለም፤ ስለ ክትባት ሰምቶ መቼ እንደሚመለስ የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነውና።

ክትባቱ ራሱ በደህና መድረሱንም ማየት ይቻላል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ የሚሄደውም በበረዶ ሳጥን ነው። በብልቃጡ ላይ ትንሽ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ነጣ ያለች አራት ማዕዘን አለች። ሙቀት በነካው ቁጥር አራት ማዕዘኗ ትጠቁራለች፤ ከክቡ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነች ክትባቱ ይጣላል። ወላጅ «እስቲ ላያት» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ጥሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በደስታ ታሳያለች።

እንግዲህ ቀኖቹ እነዚህ ናቸው፦ እንደተወለደ፣ በ45 ቀኑ፣ በ2 ወር ተኩል፣ በ3 ወር ተኩል፣ በ9 ወር፣ በመጨረሻም በ15 ወር። በ9 ወር አልቋል ብሎ የሚያቆም ወላጅ የልጁን ሁለተኛ የኩፍኝ መከላከያ ያስቀርበታል። ዛሬ ማታ የልጅዎን ካርድ አውጥተው ይመልከቱ። ባዶ መስመር ካለ ጊዜው አለፈ ብለው አይተዉት፤ የዘገየ ልጅም ቀሪውን ሊያሟላ ይችላልና ካርዱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።