ሐይቅ ዳር የሚጠማ ውሻ

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ ለአንድ አፍታ ከመሥሪያ ቤትዎ ወይም ከትምህርት ቤትዎ ተነሥተን ወደ ወሎ እንሂድ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ የሐይቅን ከተማ ያገኛሉ። ለከተማዪቱ ስሙን ያወረሳት ውሃም በአጠገቧ ተንጣልሎ ይታያል። ስፋቱ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ይበልጣል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲያልፉ ደግሞ የአምባሰል ተራሮችና በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመባት ውጫሌ አሉ።

«እንዲህ ውሃ በሞላበት አገር ስለ ጥም ምን ያስወራል?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። እርስዎ ለሥራ ወደ ሐይቅ ከተማ ተዛውረዋል እንበል። የአምባሰል ገበሬ የሆነ ወዳጅዎ ቤትዎን እንዲጠብቅ አንድ ጎረምሳ ውሻ ሰጠዎት። ቡቺ አሉት። በመኪና አመጡት፤ ከግቢው ጥግ በሰንሰለት አሰሩት፤ በጣሳ ውሃ አቀረቡለት። ቡቺም አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ወደ ማታም ጥቂት ላፍ አድርጎ ተወው። «ሲጠማው ይጠጣል» ብሎ መተው ይቀልላል። ነገር ግን የታሰረ ውሻ ምንጭ ፈልጎ አይሄድም፤ የሚጠጣው ጌታው ያቀረበለትን ብቻ ነው።

ምን ያህል ይበቃዋል?

ጤነኛ ውሻ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ሦስት ወይም አራት ብርጭቆ መሆኑ ነው። ፀሐይ ሲበረታ፥ ሲሮጥ ሲውል፥ ወይም ውሻዪቱ የምታጠባ ስትሆን ከዚህ ይበልጣል። ውሻ እንደ ሰው ገላውን ሁሉ አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነውና፥ ባለከለከ ቁጥር ውሃው ይተናል።

ምግቡም ሒሳቡን ይለውጠዋል። እርጥብ እንጀራ በውስጡ ብዙ ውሃ አለው፤ ድርቆሽ ግን የለውም። ስለዚህ በድርቆሽ የሚያድር ውሻ የጎደለውን ከሳህኑ መሙላት አለበት።

ውሃ እንዳነሰው ለማወቅ በትከሻው መካከል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቀስ ብለው አንሥተው ይልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ደኅና ነው፤ ቀስ እያለ የሚመለስ ከሆነ ግን ሰውነቱ ደርቋል። ድዱም የሚያሙለጨልጭ መሆን ሲገባው የሚያጣብቅ ከሆነ ምልክት ነው። የዓይን መጎድጎድና የሽንት መጥቆርም እንዲሁ።

ለምን አይጠጣም?

ከማስገደድ በፊት መጠየቅ ይቀድማል። ቡቺ የሚያውቀውን ሰውና ሽታ ትቶ መጥቷል፤ እንግዳ ቦታ የፈራ ውሻ ምግብም ውሃም ይተዋል። በአገሩ ይጠጣ የነበረው ከሚፈስ ምንጭ ነው፤ እርስዎ የሰጡት ደግሞ ጋዝ ወይም ሳሙና ከሸተተ ጀሪካን የተቀዳ፥ ወይም ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃ ሊሆን ይችላል። አፍንጫው ከእኛ አፍንጫ እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ፥ እኛ የማይሸተንን እርሱ ይጠየፋል።

ዕቃውም ጥፋት አለበት። አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ውሻ ሲጠጣ በፈጣን ካሜራ ተመልክተው ነበር። ውሻው ምላሱን ወደ ኋላ አጥፎ ውሃው ውስጥ ይነክርና በኃይል ይስበዋል፤ ውሃውም ምላሱን ተከትሎ ወደ ላይ ሲነሣ አፉን ይገጥምበታል። እንዲህ የሚጠጣ ፍጡር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ በጠባብ ጣሳ አፉ አይመቸውም።

ሕመምም ሊሆን ይችላል። የታመመ ጥርስ አለ። ከኩሬ የጠጣ ውሻ ደግሞ አልቅት ከአፉ ወይም ከጉሮሮው ተጣብቆበት ሊሠቃይ ይችላል፤ ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

እንዴት እናባብለው?

ጣሳውን ይተዉና ዝቅ ያለ፥ ሰፊ የሸክላ ዕቃ ይፈልጉ። ሸክላ ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ ክብደቱም ሰንሰለቱ እንዳይገለብጠው ይረዳል። ከጥላ ሥር፥ ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ያኑሩት። ጧትና ማታ አጥበው ውሃውን ይለውጡ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በንጹሕ ዕቃ ክፍቱን አሳድረው ይስጡት። በምንጭ ላደገ ውሻ ደግሞ ውሃውን ፊት ለፊቱ ከፍ አድርገው ቢያንቆረቁሩለት ድምፁ ሊስበው ይችላል።

ድርቆሹን በለብታ ውሃ አርሰው ይስጡት፤ ሳያውቀው ይጠጣል። አጥንት ብቻ የተቀቀለበትን መረቅ አቀዝቅዘው ከውሃው ጥቂት ጠብ ማድረግም ጥሩ ነው። ነገር ግን ወጥ አይጨምሩ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፥ ጨውም ጥሙን ያብሳል። ወተትም ለብዙ ትልልቅ ውሾች ሆድ አይስማማም። ወደ ውሃ ዳር ይዘውት ቢወርዱ አረንጓዴ ሽፋን ካረበበበት ስፍራ አያጠጡት፤ እንዲህ ያለው ሽፋን አንዳንድ ጊዜ የሚገድል መርዝ አለው። አፉን ፈልቅቀው በጠርሙስ አያንቆርቁሩበት፤ ውሃው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልጠጣ፥ ወይም የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ከሆነ፥ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱት።

ከዚህ ላይ ይጠንቀቁ!

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በላይ ያለውን ቢረሱ ይህን አይርሱ። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ ለሐጩ የሚዝረበረብ፥ ድምፁ የጎረነነ፥ መንጋጋው የወደቀ፥ ለመዋጥ የሚታገል ውሻ ካዩ አይቅረቡት። «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብለው እጅዎን ከአፉ አያግቡ። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ጉሮሮውን ስለሚያሰንፈው መዋጥ ያቅተዋል። ብዙ ሰው «ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል፤ ይህኛው ጠጥቷልና አላበደም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ውሃ መፍራት ጎልቶ የሚታየው በታመመ ሰው ላይ ነው፤ ያበደ ውሻ ግን ወደ ውሃ ሊሄድ፥ ሊጠጣም ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። አስቀድሞ ክትባቱን የወሰደ ግን ይድናል፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በውሻ የተነከሰ አንድ ልጅ ከትቦ ይህን መንገድ ከፍቷል። እንግዲህ ውሻ ቢነክስዎት ወይም ለሐጩ ቁስልዎን ቢነካው፥ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የአገር መድኃኒት ሲፈለግ ቀን አይለፍ። ቡቺንም ጤነኛ ሳለ ያስከትቡት፤ ክትባቱንም በየዓመቱ ያሳድሱለት።

ቡቺ ግን አላበደም፤ አገሩ ናፍቆት፥ ጣሳው ጠብቦት ነበር። ሸክላውን አግኝቶ፥ ሰውዎንም ለምዶ፥ በሦስተኛው ቀን ላፍ ላፍ ሲያደርግ ይሰማሉ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ እርስዎ ሲጮኽ ያድራልና፥ ጧት ወደ ቢሮ ሲወጡ የበሩን ቁልፍ ከማዞርዎ በፊት የውሃ ዕቃውን አንድ ጊዜ ይመልከቱለት።