ደም በሴንትሪፊዩጅ ውስጥ እንዴት ይለያያል?

እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ደም በጠባብ ቱቦ ውስጥ ቆሞ ቢቆይ፣ ቀይ ሕዋሳቱ በዝግታ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ሴንትሪፊዩጅ ይህንኑ ተፈጥሯዊ ዝቅጠት ያፋጥነዋል እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥርም። ቱቦው በፍጥነት ሲሽከረከር፣ ከምድር ስበት በመቶዎች አልፎም በሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ከባዱን ክፍል ወደ ቱቦው ግርጌ ይገፋዋል።

አንድ ሚሊ ሊትር ቀይ ሕዋስ 1.1 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ፕላዝማ 1.03 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህች ትንሽ ልዩነት ሦስት ንብርብር ትሠራለች። በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከታች የሚቀመጠው ቀዩ 45 በመቶ ያህል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫማ ፕላዝማ 55 በመቶ ያህል ነው። በመካከላቸው ያለው ነጣ ያለ ስስ ሽፋን፣ ማለትም የነጭ ሕዋሳትና የፕላትሌቶች ክምችት፣ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም።

የንብርብሩ ቁመት ራሱ ይናገራል፤ ቀዩ ካጠረ የደም ማነስ ይጠረጠራል። ከዚህ የሚልቀው ጥቅም ግን በደም ባንክ ይታያል። የአንድ ለጋሽ ደም ሲከፈል፣ ቀይ ሕዋሱ ብዙ ደም ለፈሰሳት ወላድ፣ ፕላትሌቱ ለካንሰር ታማሚ፣ ፕላዝማው ደሙ አልረጋ ላለው ሰው ሊደርስ ይችላል። ሳይከፈል ቢሰጥ ኖሮ የሚጠቀመው አንድ ሰው ብቻ በሆነ ነበር።