የቢቸና ማሳና የወንጌሉ ገበሬ

በከተማ ተወልዶ በከተማ የተማረ ሰው እንጀራውን እንጂ ጤፉን አያውቀውም ቢባል ሐሜት አይሆንም። እኛም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። በልጅነታችን ስለ ዘሪው፣ ስለ እንክርዳዱና ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት የተነገሩትን ምሳሌዎች በቃላችን ይዘናቸው ነበር፤ ነገር ግን እህል ሲዘራም ሆነ ሲያሸት ቆመን ተመልክተን አናውቅም። ስለዚህ በጥቅምት ወር የዓባይን በረሃ ተሻግረን ከደጀን ወደ ቢቸና በታጠፍን ጊዜ፣ በልባችን የያዝነው ጥያቄ «የወንጌሉ ገበሬና የጎጃሙ ገበሬ ቢገናኙ ይግባቡ ይሆን?» የሚል ነበር።

የቢቸና ምድር በብዛት ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋም ይሰነጣጠቃል፤ ብዙ እህል የማይችለውን ይህን ጠባይ ጤፍ ይችለዋል። ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፣ ከብት እየነዳም ያስረግጠዋል፤ ከዚያም በሐምሌ መጨረሻ ግድም ዘሩን በእጁ ይበትናል። የዚህ ዘር ታናሽነት የሚያስገርም ነው። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ ቢመዘን 30 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። በገሊላ ጤፍ ይዘራ ኖሮ ሰናፍጭ የታናሽነት ምሳሌ መሆኗ በቀረ ነበር ብንል ድፍረት አይሁንብን።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 አንድ ዘሪ አለ። ዘሩን ከበተነ በኋላ ሌሊት ይተኛል፣ ቀን ይነሣል፤ ዘሩም እንዴት እንደሆነ እርሱ ሳያውቀው ደረጃ በደረጃ ለአጨዳ ይደርሳል። ያ ገበሬ ያላወቀውን ዛሬ ሳይንስ በከፊል ገልጦታል። ዘር እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ በውስጡ ያለው ጽንስ የተከማቸለትን ስንቅ እየተመገበ አስቀድሞ ሥሩን ወደ ታች፣ ከዚያም ቡቃያውን ወደ ላይ ይልካል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለምትሞተው የስንዴ ቅንጣት የተነገረውም በዚህ ይብራራል፤ ጽንሱ በሕይወት ይኖራል፣ ቅንጣቲቱ ግን ያላትን ሁሉ ሰጥታ ባዶ ልጣጭ ሆና ትቀራለች። ሳይንስ ከማወቅም አልፎ ዘር ያሻሽላል፤ ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ሁለት ዓይነት ጤፍ ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ሆኖም ቁንጮም ቢሆን ቅጠል ሳያወጣ አያፈራም። ተራውን ያዘለለ ሊቅ እስካሁን አልተነሣም።

በአንድ የጤፍ ማሳ ዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። የጤፉ ማማር ደስ ቢያሰኘን፣ «አባቴ፣ ዘንድሮ ስንት ኩንታል ያገኛሉ?» ስንል ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ጎተራ ያልገባ እህል አይቆጠርም፤ ገና ነፋስ አለ፣ ዝናብም አለ» አሉን። ይህ የፈሪ አነጋገር አልነበረም። ጤፍ ራስ ካወጣ በኋላ ብርቱ ዝናብ ወይም ነፋስ ሲያገኘው ይጋሸባል፤ ማዳበሪያ የበዛለት ደግሞ ይብሳል። በመስከረም መንገደኛውን ሁሉ ያስቆመ ማሳ በኅዳር ባለቤቱን ሊያሳዝን ይችላል።

ከጤፉ ወዲያ ባለው የስንዴ ማሳ ደግሞ እንክርዳድ አሳዩን። እንክርዳድ በቡቃያነቱ ስንዴን መስሎ የሚያድግ፣ ራስ ሲያወጣ ግን ማንነቱ የሚታወቅ፣ ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ራስ የሚያዞር አረም ነው። «የጤፉን አረም ጎንበስ ብዬ በጊዜ እነቅላለሁ፤ ይህን ግን እስክለየው እታገሠዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያሉት ሎሌዎች እንንቀለው ብለው ሲቸኩሉ ጌታቸው የከለከላቸው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነበር። ለሎሌዎቹ ትጋት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው መለየት ነው።

ወደ ከተማው ስንመለስ ያሰብነው በዚሁ አገር የሆነውን ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ባወጣ ጊዜ የገበሬው ገቢ እንዲገመት ታዘዘ። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ግን፣ ይህ ርስታችንን ሊያሳጣን የመጣ ልኬታ ነው ብሎ ሠጋ። ዐመፅ ተነሣ፣ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ከሥፍራቸው ተነሡ፣ ለውዝፉ ግብርም ምሕረት ተደረገ። ሕጉ የወጣው በአዲስ አበባ ነበር፤ የፈሰሰው ደም ግን የፈሰሰው በዚህ ማሳ ላይ ነው።

እንግዲህ ነገ ወደየአውራጃው ለመገመት፣ ለመምከርና ለማሻሻል የምንላክ ወጣቶች ሁላችን ከዚህ ማሳ አንድ ነገር እንማር። ትዕግሥት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ የቢቸና ገበሬ ያርሳል፣ ያርማል፣ ይጠብቃል። የቱን ዛሬ መንቀል፣ የቱንስ መታገሥ እንደሚገባ ግን በመዝገብ ላይ አይገኝም። እርሱን የሚያውቀው ከማሳው ጋር የከረመው ሰው ነውና፣ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ሄደን እንጠይቀው።